ቁጥሩ አለ፣ ወሰኑ የት ሄደ?

በአገራችን የሕዝብ ቁጥር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ የሚያጠነጥነው «ስንት ነን?» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ነው። «ያኔ የተቆጠርነው የት ላይ ሆነን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይታይም። በእኔ አመለካከት ከፊታችን ያሉት የከረሩ የወሰን፣ የበጀትና የምርጫ ክልል ሙግቶች የሚዳኙት በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው። ለእሱ ደግሞ ገና መልስ አላዘጋጀንም።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የጉራጌ ዞን ሕዝብ ወደ 1.56 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ደግሞ «ጉራጌ ዞን» በሚለው ረድፍ ላይ የምናገኘው ወደ 1.28 ሚሊዮን ነው። ሁለቱን የውጤት መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚያነብ ሰው፣ በ12 ዓመት ተኩል ውስጥ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የት ገባ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። የሆነው ግን ቀላል ነው። በ1993 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት ስልጤ ራሱን ችሎ ዞን ሆነ። በ1999 ቆጠራ የስልጤ ዞን ብቻውን ወደ 750 ሺሕ ሕዝብ ነበረው። ሁለቱን ስንደምራቸው 2.03 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ይህም ከ1987ቱ አኃዝ አንጻር የ30 በመቶ ጭማሪ ነው። የጠፋ ሕዝብ የለም፣ የተለወጠው መስመር ነው። አሁን ደግሞ ምሥራቅ ጉራጌ ራሱን የቻለ ዞን ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ቆጠራ «ጉራጌ ዞን» የሚለው ስም ለሦስተኛ ጊዜ ሌላ ቦታ ማለት ይሆናል።

ይህን ምሳሌ የመረጥኩት መልሱን በመደመር ብቻ ማግኘት ስለሚቻል ነው። በአብዛኛው አገር ግን መደመር አይበቃም።

እስቲ ከላይ ጀምረን እንየው። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው ብሔራዊ ቆጠራ ኢትዮጵያን በክፍለ ሀገር፣ በአውራጃና በወረዳ ከፋፍሎ 42.6 ሚሊዮን ሕዝብ አስመዘገበ። በዚህ ውስጥ ኤርትራ አለችበት። በጦርነቱ ምክንያት ቆጣሪ ሊደርስባቸው ያልቻለ የኤርትራና የትግራይ የገጠር አካባቢዎችም አሉበት፤ የእነሱ ቁጥር በግምት የተሞላ ነው። የ1987ቱ ቆጠራ ኤርትራ ከተለየች በኋላ፣ በክልል፣ በዞንና በወረዳ ተዋቅሮ 53.5 ሚሊዮን ሰው አገኘ። ሁለቱን እንዳሉ ያነጻጸረ ሰው የሕዝቡ ዕድገት 25 በመቶ ነው ይላል። ኤርትራን የቀነሰ ሰው ደግሞ ከ40 ሚሊዮን ጥቂት ያነሰ መነሻ ይዞ 34 በመቶ ይላል። በአገር ደረጃ ይህን ስህተት የሚሠራ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። ወደ ወረዳ ወርደን ግን ያንኑ ስህተት በየቀኑ እንሠራለን፣ በጋዜጣም በፓርላማም።

የ1999ኙ ቆጠራ 73.9 ሚሊዮን ብሎ ከወጣ በኋላ ደግሞ መሬቱ ከሥሩ ተንቀሳቅሷል። ያ ቆጠራ ወደ 15 ሚሊዮን ሕዝብ የመዘገበለት የደቡብ ክልል ዛሬ በስሙ የለም። ሲዳማ በ2012፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች በ2014፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ክልል ሆነው ወጥተዋል። አራተኛው ቆጠራ በኅዳር 2010 ሊካሄድ ታቅዶ ተላለፈ፣ ደግሞ ተላለፈ፣ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ለአንድ ዓመት አራዘሙት። ከዚያ ኮቪድ መጣ፣ ከዚያም ጦርነት። ስለዚህ ዛሬም የምንጠቀመው ከ1999 ተነስቶ የተተነበየ ቁጥር ነው። በ2015 ዓ.ም. የስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ ወደ 107 ሚሊዮን ሲል የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ125 ሚሊዮን በላይ ነበር። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ልዩነት ማለት ነው። ይህ ልዩነት በየትኛው ወረዳ ላይ እንደተቀመጠ የሚነግረን የለም።

የሕገ መንግሥቱ ቃል

ነገሩን የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የቤት ሥራ አድርገን እንዳንተወው የሚያስገድደን ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፣ ቋንቋ፣ ማንነትና ፈቃድ ላይ በመመሥረት ነው ይላል። አንቀጽ 48 ደግሞ ክልሎች በወሰን ጉዳይ መስማማት ሲያቅታቸው የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ፣ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲወስን ያዝዛል። ፍላጎት በሕዝበ ውሳኔ ይታወቃል እንበል። አሰፋፈርስ? ሕግ የተማረ ሰው «በምን ማስረጃ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አሰፋፈር ማለት ማን፣ ስንት ሆኖ፣ የት ይኖራል ማለት ነውና ማስረጃው ከካርታ ጋር የተያያዘ የቆጠራ መዝገብ ከመሆን ሌላ አማራጭ የለውም። ከዚህም የከበደ ጥያቄ አለ። አንቀጹ የየትኛው ዓመት አሰፋፈር እንደሆነ አይናገርም። የ1976? የ1987? ዛሬ ያለው?

የወልቃይትና የራያ ጉዳይ የሚያስቸግረው በከፊል በዚህ ነው። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ወልቃይት በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ ራያ ደግሞ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበሩ። በ1987 እና በ1999 ቆጠራዎች ወልቃይትም፣ እነ አላማጣና ኮረምም በትግራይ ክልል ሥር ተቆጠሩ። አንደኛው ወገን አሮጌ ካርታ ይዞ ይመጣል፣ በካርታው ላይ ሰው የለበትም። ሌላኛው የቆጠራ ሰንጠረዥ ይዞ ይመጣል፣ በሰንጠረዡ ላይ መሬቱ የለበትም። ሁለቱ ተያይዘው ቢቀርቡ ማን የት ይኖር እንደነበር ለማሳየት ይረዱ ነበር። መሬቱ የማን ነው የሚለውን እንደማይወስኑ አውቃለሁ፤ እሱ የሕግና የፖለቲካ ፍርድ ነው። ግን ቢያንስ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ሰነድ ላይ ቆመው ይከራከሩ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን በአዋጅ ሲቋቋም የመጀመሪያ ሥራው ይህ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሚሊዮኖች ተፈናቅለዋል። ነገ ቆጠራ ቢካሄድ ብዙ ሰው የሚቆጠረው መጠለያ ባገኘበት እንጂ ቤቱ በነበረበት ቦታ አይደለም። ይህ ቁጥር ከቀደሙት ጋር ካልተያያዘ በስተቀር የመፈናቀሉን ውጤት «የሕዝብ አሰፋፈር» የሚል የሕግ ማኅተም ሊያስመታለት ይችላል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ዋናው ስጋት ይኸው ነው።

የበጀቱም ነገር አለ። በአንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ ቀመር ይወስናል፣ በቀመሩ ውስጥም የሕዝብ ብዛት ትልቅ ቦታ አለው። የምርጫ ክልሎችን በተመለከተ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድና የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ውጤቱንና የምርጫ ቦርድን ሐሳብ ይዞ ወሰናቸውን እንዲወስን ይደነግጋል። በሰኔ 2013 የተካሄደው 6ኛው አገራዊ ምርጫ ግን በ1980ዎቹ የተሠሩትን 547 የምርጫ ክልሎች ይዞ ነው የተካሄደው። ከዚያ ወዲህ የሸገር ዙሪያ ምን ያህል እንዳበጠ፣ አንዳንድ የገጠር ወረዳ ምን ያህል እንደሳሳ እያየን ነው።

ከመደመር በላይ

ሥራው እንዴት ይሠራል? መሠረተ ሐሳቡ ለማንም ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ቆጠራ በራሱ ዘመን ካርታ ላይ ይነጠፋል፤ የ1976ቱ ቁጥር በ1976ቱ የወረዳ ወሰን ውስጥ፣ የ1987ቱም በራሱ። ከዚያ ካርታዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ። ወሰኑ ያልተነካ ወረዳ ችግር የለበትም። ሁለት ወረዳዎች ተዋህደው አንድ ከሆኑ መደመር ነው። የሚያስቸግረው አንዱ ሲሰነጠቅ ወይም ጥቂት ቀበሌዎች ወደ ሌላው ሲዞሩ ነው። 120 ሺሕ ሕዝብ የነበረው አንድ ወረዳ ለሁለት ተከፈለ እንበል፤ ሲሶው ደጋ፣ የቀረው ቆላ። በቆዳ ስፋት ብቻ ብናካፍለው ለደጋው 40 ሺሕ፣ ለቆላው 80 ሺሕ እንሰጣለን። አገሩን የሚያውቅ ሰው ይስቅብናል፤ ደጋው ላይ ጎጆ ከጎጆ ተነካክቶ፣ ቆላው ላይ ግማሽ ቀን ተጉዘህ ሰው አታገኝምና። ስለዚህ ወደ ቀበሌ መውረድ ያስፈልጋል። ቀበሌም ራሱ ከተከፈለ ወደ ቆጠራ ቦታው።

የቆጠራ ቦታ የምለው ለአንድ ቆጣሪ የሚሰጠውን ከ150 እስከ 200 የሚደርስ ቤተሰብ የያዘ አካባቢ ነው። ለእያንዳንዱ በእጅ የተሳለ ንድፍ ካርታ ነበረው፦ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ወንዙ፣ ገበያው፣ ትልቁ ዋርካ። የርስት ክርክር የሰማ ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል፣ «ከዋርካው እስከ ወንዙ» የሚለውን። ለአንባቢ የደረሰው ግን የሰንጠረዥ መጽሐፍ ብቻ ነው። ቁጥሩን ከመሬቱ ጋር ያሰረው ያ ንድፍ ነበር፤ ንድፉ ሳይኖር መጽሐፉ ብቻውን የስም ዝርዝር ነው። ስም ደግሞ ይሸጋገራል፣ ይቀየራል፣ በሁለት ቦታ ይደገማል። ንድፉ በጠፋበት ቦታ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ያዘጋጃቸው የ1:50,000 ካርታዎችና ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከማቹት የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ያግዛሉ። ያን ጊዜ የነበረው ሳተላይት ጎጆ አያሳይም፣ ግን የታረሰውን ካልታረሰው ይለያል። ሰው የሚኖረው በታረሰው ዙሪያ ስለሆነ ሕዝቡን በቆዳ ስፋት ከማካፈል እጅግ ይሻላል።

ሌሎች አገሮች ይህን ሠርተው ጨርሰዋል። አሜሪካኖቹ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በኩል ከ1790 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ቆጠራቸው ጀምሮ ያለውን ቁጥር ከየዘመኑ የካውንቲ ወሰን ጋር አያይዘው ለማንም በነጻ ያድላሉ። እንግሊዞችም በፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ሥራ አላቸው። የሚገርመው የእኛም የሦስቱ ቆጠራዎች ናሙና፣ የግለሰብ ስም ወጥቶለት፣ በዚያው በሚኒሶታ ይገኛል። ተመራማሪ ማመልከቻ ሞልቶ ያገኘዋል። አዲስ አበባ ተቀምጦ የ1976ቱን የአንድ ወረዳ ወሰን የሚፈልግ ሰው ዕጣ ግን ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ነው።

ስለ አዲስ አበባ ካነሳሁ፣ እዚህ ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ነገሩን ከራሱ መታወቂያ ያውቀዋል። በደርግ ጊዜ ከፍተኛና ቀበሌ ነበር። ቀጥሎ 28 ወረዳ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተማና 203 ቀበሌ መጣ፣ ከዚያ ቀበሌዎቹ ተጣመሩና «ቀበሌ 17/19/20» የሚባል፣ ክፍልፋይ የሚመስል አድራሻ ተሰጠን። ቀጥሎ ቀበሌ ቀርቶ ወረዳ ተመለሰ፣ ግን የድሮው ወረዳ አይደለም። በመጨረሻም ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ ተወለደ። ከተማዋ በ1987 ቆጠራ 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። ይህ ጭማሪ በየትኛው ሰፈር ላይ አረፈ? ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለውኃ መስመር የሚያስፈልገው መልስ ይኸኛው ነው። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሳው ሕዝብ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲሄድ፣ ለነዚያ ሰፈሮች ያለን የመጨረሻ ቆጠራ አሁን እዚያ የሌለውን ሕዝብ የሚገልጽ ሆኖ ቀርቷል።

በ1997 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ከ400 በላይ በሆኑ ቀበሌዎች የተካሄደውን ሕዝበ ውሳኔም አንርሳ። አብዛኞቹ ቀበሌዎች ወደ ኦሮሚያ እንዲካለሉ ድምፅ ተሰጠ። በ1987 እና በ1999 መካከል የሁለቱን ክልሎች ዕድገት የሚያነጻጽር ሰው እነዚህን ቀበሌዎች ለይቶ ካላስቀመጠ ልደትና ሞት ያላመጡትን ለውጥ ለልደትና ለሞት ይሰጣል።

የአማራ ክልልን የ1999 ውጤት ያነሳሁት እንደሆነ አንባቢ ወዴት እንደምሄድ ያውቃል። ክልሉ 17.2 ሚሊዮን ተብሎ በ2001 ዓ.ም. ለፓርላማ ሲቀርብ ከተጠበቀው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጎድሎ ነበር። የዓመት ዕድገቱ 1.7 በመቶ፣ የአገሪቱ 2.6 በመቶ። ፓርላማው ተከራከረ፣ ማብራሪያ ተጠየቀ፣ ውጤቱም ጸደቀ። ጥርጣሬው ግን እስከ ዛሬ አልሞተም፣ እንዲያውም የፖለቲካ ስንቅ ሆኗል። እኔን የሚያንገበግበኝ ጥያቄው ሊመረመር የሚችል መሆኑ ነው። ጉድለቱ በወሊድ መቀነስ፣ በበሽታ ወይም በፍልሰት የመጣ ከሆነ በካርታ ላይ የራሱ መልክ ይኖረዋል፤ በአጎራባች ወረዳዎች ላይ ቀስ እያለ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የቆጠራ ጉድለት ከሆነ ደግሞ አንዱ ወረዳ ደህና ሆኖ ጎረቤቱ በድንገት ይሰበራል። የሁለቱ ቆጠራዎች የወረዳ ወሰን ተስተካክሎ፣ ወረዳ በወረዳ ጎን ለጎን ቢታተም ማንም የስታቲስቲክስ ተማሪ አይቶ ይፈርድ ነበር።

እስካሁን የተናገርኩትን ሁሉ የሚገዳደር አንድ ታሪክ አለ። በግንቦት 1941 እ.ኤ.አ. ናዚዎች በያዟት አምስተርዳም፣ የከተማው የስታቲስቲክስ ቢሮ አንድ ካርታ አዘጋጀ። በካርታው ላይ እያንዳንዷ ነጥብ 10 አይሁዳውያንን ትወክላለች። የሆላንድ የሕዝብ መዝገብ በአውሮፓ ከታወቁት ሁሉ የተሟላ ነበርና ካርታው ሰፈር በሰፈር የጠራ ነበር። በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ከሆላንድ አይሁዳውያን ከአራቱ ሦስቱ ያህል ተገድለው ነበር። በመጋቢት 1943 እ.ኤ.አ. የተቃውሞ ታጋዮች የአምስተርዳምን የሕዝብ መዝገብ ቤት ለማቃጠል ሕይወታቸውን አሳልፈው የሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ቆጠራ ብሔርን፣ ሃይማኖትንና የአፍ መፍቻ ቋንቋን ይጠይቃል። ሰው በመታወቂያው ላይ በተጻፈው ብሔር ከመኪና የወረደበትን አገር እያየን፣ እነዚህን መልሶች ከ150 ቤተሰብ ንድፍ ካርታ ጋር አያይዞ በአደባባይ መዘርጋት እብደት ነው።

ስለዚህ የምለው የማያያዙ ሥራና የማውጣቱ ሥራ ይለያዩ ነው። ወሰኖቹ፣ ማለትም በ1976፣ በ1987 እና በ1999 እያንዳንዱ ወረዳና ቀበሌ ከየት እስከ የት እንደነበረ፣ ያለ ምንም ገደብ ለሁሉም ይውጡ። ጠቅላላ የሕዝብ ብዛትም እስከ ቀበሌ ይውጣ። ብሔርና ሃይማኖት ግን ከወረዳ በታች አይውረዱ። የወሰን ክርክር የያዘው አካል ከዚያ በታች ማየት ካስፈለገው በዝግ ችሎት፣ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ይመልከት። ሰንጠረዡ ላይም የተቆጠረው «ተቆጠረ»፣ በግምት የተሞላው «ተገመተ»፣ ከተሰነጠቀ ወረዳ በስሌት የተካፈለው «ተካፈለ» ተብሎ በጎኑ ይጻፍበት፣ ከነስህተት መጠኑ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው፤ ይሁንና የግለሰብን እንጂ የአንድን መንደር ሕዝብ በጅምላ ከመለየት እንደማይጠብቅ ልብ ይሏል።

ይህን ማን ይሥራው? የስታቲስቲክስ አገልግሎት መዝገቡ አለው። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ካርታው አለው። ሁለቱም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ስለሆኑ ተከራካሪ ክልሎች በአንዱ ባያምኑ አይደንቀኝም። በእያንዳንዱ ወረዳ ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ከሁለቱም ክልሎች የተወከሉ ባለሙያዎች አብረው ይፈርሙ፤ ያልተስማሙበት መስመር ካለም ሁለቱም መስመሮች ይሳሉ። ወጪው ለአራተኛው ቆጠራ ተብለው ከተገዙት ታብሌቶች ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የሚጠይቀው ሰውና ጊዜ ነው።

ጊዜውም ብዙ አይደለም። በ1976 ዓ.ም. ንድፎቹን የሳሉት ወጣቶች ዛሬ ቢያንስ ስድሳዎቹን አልፈዋል፣ ብዙዎቹ ጡረታ ላይ ናቸው፣ አንዳንዶቹም የሉም። በንድፉ ላይ «ትልቁ ዋርካ» ተብሎ የተጻፈው ዋርካ ምናልባት ከተቆረጠ ቆይቷል። የት ላይ እንደነበረ የሚያውቁት እነሱና አብረዋቸው የዞሩት የቀበሌ ሊቀ መናብርት ናቸው። ንድፎቹ ከየመጋዘኑ ተሰብስበው ዲጂታል ቅጂ ይዘጋጅላቸው፤ ሥራውም በጉራጌና በስልጤ ዞኖች ይጀመር፣ እዚያ ቢያንስ ድምሩ የት መድረስ እንዳለበት እናውቃለን።